መርካቶና መርካቶር

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶች ተረት እውነት የነበረው፣ ያላዩት አገር ስሙም ዕቃውም በማይደርስበት ዘመን ነው። በአዲስ ከተማ በመርካቶ ገበያ የሚመላለስ ሰው ግን ተረቱ የተሻረበትን ስፍራ በዓይኑ ያያል። ያልታየው አገር በየሱቁ ተሰቅሎ፣ በየሰዉ አፍ ሲጠራ ይውላልና። ተሸካሚው ጭነቱን በጀርባው አዝሎ «አሜሪካን ግቢ ነው የማደርሰው» ብሎ መንገድ ያስለቅቃል፤ ልብስ ፈላጊው ዱባይ ተራ በየት በኩል እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ፈቀቅ ሲሉ ጎጃም በረንዳ አለ፤ ሲዳሞ ተራም አለ። እንግዲህ ጎጃምና አሜሪካ፣ ሲዳሞና ዱባይ በአንድ ሰፈር ተዋሰኑ ማለት ነው። የገበያውም ስም ራሱ የባዕድ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደዚህ ባዛወሩት ጊዜ በቋንቋቸው «ገበያ» ብለው የጠሩት ቃል ነው። ጠላት ወጣ፤ ስሙ ቀረ። ዛሬ «መርካቶ ገበያ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ» ማለቱን አያውቅም።

ይህ የስም ነገር እንደ ጨዋታ ይታለፍ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ስለ ሩቅ አገር የሚይዘው የተሳሳተ አሳብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ስሙን የሰማውን አገር ያየው ይመስለዋል፣ ዕቃውን የገዛውንም አገር የኖረበት ይመስለዋልና። ስም ግን ከባለቤቱ ተለይቶ የሚዞር ነገር ነው።

በርበሬ ተራ የሚደርስ ሰው ገና ከሩቁ ያስነጥሰዋል። እዚያ ለተቀመጡት እናቶች «ይህ በርበሬ ከየት መጣ?» ቢላቸው ከማረቆ፣ ከአላባ ይሉታል። «ከዚያስ በፊት?» ቢል መልሱ ሳቅ ነው፤ በርበሬ ያልነበረባት ኢትዮጵያ በማንም አእምሮ ልትሣል አትችልምና። ይሁን እንጂ ፍሬው የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው። ኮሎምቦስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ከዚያ ክፍለ ዓለም ውጭ የቀመሰው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቅዱስ ላሊበላም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ግብር ያበሉት ያለ በርበሬ ነው። ኮሎምቦስ ይፈልግ የነበረው የህንድን ቍንዶ በርበሬ ነበር፤ በማያውቀው ምድር ወርዶ ሳለ ህንድ የደረሰ መሰለው፤ ሰዎቹን ህንዶች አላቸው፤ የሚያቃጥለውንም ፍሬ በሚፈልገው በቍንዶ በርበሬ ስም ጠራው። በአማርኛም ቢሆን ዝምድና የሌላቸው ሁለቱ ተክሎች እስከ ዛሬ «በርበሬ» በሚል በአንድ ስም ይኖራሉ። ብርቱካንም እንዲሁ ነው፤ ፍሬው የተገኘው በቻይና በኩል ሲሆን፣ ዓረቦች ከፖርቱጋል ነጋዴዎች እጅ ስለ ተቀበሉት በፖርቱጋል ስም ጠሩት፤ ከዓረብኛም ወደ አማርኛ ገባ። በአጣና ተራ ተከምሮ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አዲስ አበባ የገባ የአውስትራልያ ዛፍ ነው። ባሕር አቋርጦ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ከየትኛው ባሕር ማዶ እንደ ሆነ ግን ስሙ አይናገርም። «ባሕር» የተባለው ቃል ያላወቁትን አገር ሁሉ ይሸፍናል፤ የመንና አውስትራልያም ለተናጋሪው በአንድ ማዶ ናቸው።

ስሕተቱ ከዚህ ወደዚያ ብቻ የሚሄድ አይምሰል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1753 ዓ.ም. ለዕፀዋት ሁሉ የላቲን ስም ሲያወጣ፣ ቡናን የዓረብ ቡና ብሎ መዘገበው። ቡናው ወደ አውሮፓ ይወጣ የነበረው በየመን በሞካ ወደብ በኩል ስለ ነበረ፣ የወደቡን አገር የተክሉ አገር አደረገው። የከፋ ጫካ አልተጠየቀም። ሊቅ ነውና ስሕተቱም በሊቅ መዝገብ ላይ ታትሞ ቀረ፤ የበርበሬ ተራ እናቶች ስሕተት ግን ከሳቃቸው ጋር ያልፋል።

የቀድሞ ጸሐፊዎች «ክፍለ ዓለም» ያሉትን የአሁኖቹ «አህጉር» ይሉታል። አህጉር በግእዝ የሀገር ብዙ ነው፤ አገሮች፣ ከተሞች ማለት ነው። ብዙው እንደ ነጠላ ተቈጥሮ «አንድ አህጉር» ተባለ፤ ኋላም «አህጉራት» ተብሎ የብዙ ብዙ ተበጀለት። ሰዋስው የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮውን ይቈረቍረዋል። ሆኖም ቃሉ ሳያውቀው የዘመኑን አሳብ ገልጧል፤ ብዙውን አገር አንድ አድርጎ መቍጠር ልማድ ሆኗልና። በመርካቶ አነጋገር ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ኵዌት ሁሉ «ዓረብ አገር» ነው። በዚህ ስም የተላከች ልጅ አሸዋና ሐሩር ስትጠብቅ ሊባኖስ ደርሳ በክረምቱ በረዶ ያገኛታል፤ የሊባኖስ በረዶ በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ የነገራት አልነበረም። ከባሕር ወዲያ ያለው የነጭ አገር ሁሉ ደግሞ «ፈረንጅ አገር» ነው። ፈረንጅ ማለት ፍራንክ ነው፤ ዓረቦች ከፍራንክ አገር ለመጡት ያወጡት ስም ሲሆን፣ ዛሬ ግን ለሩስያውም ለካናዳውም ይነገራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአፍሪካ ነገር ነው። ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ሌጎስ ለንግድ የሄደውን ሰው ጎረቤቱ «አፍሪካ ሄዷል» ይለዋል፤ ተናጋሪው ራሱ በአፍሪካ ላይ ቆሞ፣ ያውም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ከተማ። በሌላው ወገን የባሕር ማዶ ሰው አፍሪካን እንደ አንድ አገር፣ ያንንም አገር እንደ አንድ መንደር ይቈጥራል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም እውነት ነው። ነገር ግን «ዓረብ አገር» ከሚለውና «አፍሪካ አገር» ከሚለው ማንኛው ማንኛውን ይነቅፋል?

ስሞቹም ከጥንት ጀምሮ በአንድ ስፍራ አልጸኑም። አፍሪካ በሮማውያን ዘመን በቀርታግና ዙሪያ ያለ የአንድ ግዛት ስም ነበር። ግሪኮች መላውን ክፍለ ዓለም የሚጠሩት ሊብያ ብለው ነው። ኢትዮጵያ የሚለውም ስም በግሪኮች መጻሕፍት ከግብጽ በታች ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ያጠቃልል ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሩፊኖስ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ወደ አክሱም መምጣት ሲጽፍ ህንድ ሄደ ብሎ ጻፈ፤ ለእርሱ ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለው ሁሉ ህንድ ነውና። ይህን የማያውቅ አንባቢ ታሪኩን ይዞ በህንድ አገር ሲፈልግ ይኖራል።

ቅርብና ሩቅ የሚባለውም በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ሌጎስ 3,900 ያህል፤ እስከ ቦምባይም ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። ከመንና ከሰንዓ ጋር ያለው ርቀት ግን 900 ያህል ብቻ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ዱባይን ጎረቤቱ አድርጎ ሲናገር አልተሳሳተም፤ ዕቃው ከዚያ ይመጣል፣ እርሱም ሄዶ ያመጣል። ሰንዓን ግን ከዱባይ ይልቅ ያርቃታል፤ ገበያው ወደዚያ አይወስደውምና። ሲራራ ነጋዴ ዓለሙን በቀን ጕዞ ይለካ ነበር፤ የቅኔ ተማሪም ከዋድላ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋሸራ ያለውን መንገድ የሚያውቀው በእግሩና በረኀቡ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ግን ተኝቶ ይነሣና ሌላ ክፍለ ዓለም ላይ ይገኛል፤ በመካከሉ ያለው ምድር ለእርሱ የለም።

ነጋዴ ዓለምን ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ የኮስማስን መጽሐፍ ይመልከት። ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረ የእስክንድርያ ነጋዴ ሲሆን ኋላ መንኵሷል ይባላል። በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ መጣ። ንጉሡ ወደ ሂምየር ሊዘምት በተዘጋጀበት ወራት፣ በአዱሊስ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሕፈት ገልብጦ እንዲሰጥ የከተማው ገዥ ባዘዘው ጊዜ፣ ሜናስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ቃል በቃል ገለበጠው። ጽሕፈቱ የነበረበት ሐውልትና ዙፋን ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ዓለም ያንን ጽሕፈት የሚያውቀው በዚህ ነጋዴ ቅጂ ነው። የአክሱም ሰዎች ወደ ሳሱ ወርደው በሬ፣ ጨውና ብረት በወርቅ እንዴት እንደሚለውጡም እርሱ ነው የጻፈው። እንግዲህ ዓይኑ የታመነ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ የሐውልቱ ጽሕፈት የግብጹ የበጥሊሞስ፣ የዙፋኑ ጽሕፈት ደግሞ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ሲሆን፣ ሁለቱን ቀጥሎ አነበበና ሁሉን ለበጥሊሞስ ሰጠ። በትክክል የገለበጠውን በስሕተት ተረጐመው። ከዚያም አልፎ ስለ መላው ዓለም ሲጽፍ፣ ምድር ጠፍጣፋ ናት፣ ሰማይም እንደ ሙሴ ድንኳን ከላይዋ ተዘርግቷል አለ፤ ክብ ናት የሚሉትንም ሃይማኖት እንደ ጐደላቸው አድርጎ ነቀፈ። ቅዱስ ባስልዮስ ግን ከእርሱ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ሥነ ፍጥረትን ሲተረጕም፣ ሙሴ ስለ ምድር ቅርጽ ዝም ማለቱ መጽሐፉን እንደማያሳንሰው፣ የተጻፈውም ለነፍስ የሚጠቅመው እንደ ሆነ አስተምሮ ነበር። ኮስማስ ባሕሩን ያህል መጽሐፉን ባያውቅ ይሆናል።

መጽሐፍን ያለ ስፍራው መጥቀስ ስሕተት ሲያመጣ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በመጽሐፈ ኩፋሌ የያፌት ዕጣ ብርድ፣ የካም ዕጣ ሙቀት፣ የሴም ዕጣ ሁለቱ የተቀላቀሉበት እንደ ሆነ ተጽፏል። ስለ ሰፊው ምድር ሲነገር መልካም ክፍፍል ነው። እንጦጦን ግን አይመለከትም። አፍሪካ ሁሉ ሐሩር ነው ብሎ በሐምሌ ቀጭን ልብስ ለብሶ አዲስ አበባ የሚወርድ እንግዳ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስታንቀጠቅጠው ሹራብ ፍለጋ ወደ ገበያ ይሮጣል። መርካቶም ደስ ብሏት ትሸጥለታለች።

ካርታ ያየ ሰው ከዚህ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለው የተለመደው የዓለም ካርታ መሠረቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1569 ዓ.ም. የፍላንድሩ ተወላጅ ጌራርዶስ መርካቶር ያወጣው ነው። መርካቶር የላቲን ቃል ሲሆን «ነጋዴ» ማለት ነው፤ የቤተ ሰቡን ስም እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ልማድ ወደ ላቲን መልሶት ነው። መርካቶና መርካቶር፣ ገበያውና ካርታው፣ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ለቅኔ ሰው ይህን የመሰለ ኅብር አይገኝም። ሰውዬው ካርታውን የሠራው ለመርከበኞች ነበር። መርከበኛ አቅጣጫውን በኮምፓስ ይዞ በአንድ ቀጥታ መስመር እንዲሄድ፣ ከምድር ወገብ እየራቀ የሚሄደውን አገር ሁሉ ወደ ጐንም ወደ ላይም ለጠጠው። ለባሕር መንገድ የሚያህለው አልነበረም። ችግሩ የመጣው የመርከበኛው መሣሪያ የልጆች መማሪያ በሆነ ጊዜ ነው። በዚያ ካርታ ላይ ግሪንላንድ የተባለችው የበረዶ ደሴት አፍሪካን ታህላለች፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ የግሪንላንድን 14 እጥፍ ያህል ናት። በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የአፍሪካ ኅብረት፣ ይህ ካርታ የምድርን ስፋት በትክክል በሚያሳይ ሌላ ካርታ እንዲተካ የተነሣውን ዘመቻ እንደሚደግፍ ከዚሁ ከአዲስ አበባ አስታወቀ። በጎ ነገር ነው። ነገር ግን አገርን በስፋቱ ብቻ የሚመዝን ሰው በትክክለኛውም ካርታ ይሳሳታል። ዐፄ ልብነ ድንግል የፖርቱጋል መልእክተኞች ባመጡለት የዓለም ካርታ ላይ ፖርቱጋል እጅግ ትንሽ መሆኗን አይቶ፣ ይህች አገር እንዴት ቀይ ባሕርን ከቱርክ ልትጠብቅ ትችላለች ብሎ እንደ ተጠራጠረ፣ ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ካህን አልቫሬስ ጽፏል። ካርታው አልዋሸም፤ የንጉሡም ጥያቄ የብልህ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቈይ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1541 ዓ.ም.፣ ከዚያች ትንሽ አገር 400 ያህል ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ።

ያላዩትን አገር በእውነት ማወቅ የሚቻል ከሆነ የሚቻለው የአገሩን ሰው በመጠየቅ ነው ይባላል። ለዚህ ምስክር አለ። የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ግድም ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ የኢትዮጵያን አውራጃዎችና ወንዞች የዚያው አገር ካህናት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ አስፍሯል። አዋሽና አባይ በዚያ ካርታ ላይ የታወቁት በመነኰሳት ጣት ነው።

ይሁንና የአገሩ ሰው ሁሉ አይታመንም። ኡሬታ የተባለ የቫሌንስያ መነኵሴ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1610 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በአምባ ግሸን ላይ ወሰን የሌለው ቤተ መጻሕፍትና ድንቅ አዳራሾች እንዳሉ ተረከ። ኢትዮጵያን አላየም። የነገረው ከዚያ አገር ነኝ የሚል ባልታሳር የሚባል ሰው ነበር፤ ጠያቂው ሊሰማ የሚወደውን እያየ ነገረው። ይህን ለማፍረስ ፔድሮ ፓኤዝ በጣና ዙሪያ ተቀምጦ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ መጻፍ ግድ ሆነበት፤ የዚህ ሰው መምጣት በቤተ ክርስቲያን ላይ ያመጣው መከራ የታወቀ ነው፣ ዓይኑ ያየውን መጻፉ ግን አይካድም። በኋላም የጀርመኑ ሊቅ ሉዶልፍ በሮም ያገኛቸውን አባ ጎርጎርዮስን፣ የአምሐራውን የመካነ ሥላሴን ሰው፣ በ1652 ወደ ጎታ አስጠርቶ ለረዥም ጊዜ ጠየቀ። አባ ጎርጎርዮስ የሌለውን የለም አሉ። ጠያቂውን የሚያስደስት ግንብና ወርቅ አልጨመሩም፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚወራው ተረት እርሳቸው ሲሰሙት ተረት ነው ተባለ። በ1681 የታተመው የሉዶልፍ ታሪክ የቆመው በእርሳቸው ቃል ላይ ነው። እርሳቸው ግን መጽሐፉን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ዐረፉ።

ባልታሳር ዛሬ በመርካቶ ደላላ ሆኗል። የሚነግራቸው ልጆች ካርታውን በእጅ ስልካቸው ውስጥ ይዘዋል፤ ጣታቸውን ቢያንቀሳቅሱ በረሃውንና ባሕሩን ያያሉ። አይፈልጉትም፤ በዚያው ስልክ የጎረቤታቸው ልጅ ከሚያብረቀርቅ ሕንጻ ፊት ቆሞ የተነሣውን ሥዕል አይተዋልና። ሕንጻው እውነት ነው፤ ልጁ ግን በዚያ ሕንጻ ውስጥ አይኖርም፣ ዐሥራ ሁለት ሆኖ የሚተኛበትን ክፍልም አንሥቶ አይልክም። ለእናቱ መናገር ያፍራልና። እናቱም ጎረቤት ስትጠይቃት ያላትን ታሳያለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሰው ሆን ብሎ አልዋሸም፤ ደላላው ሲቀር። ደላላው ከመተማ ወዲያ «ትንሽ በረሃ» አለ ይላል። ከመተማ እስከ ትሪፖሊ በአየር እንኳ ቢለካ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ባሕሩ። በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሊብያ በሃይማኖታቸው ምክንያት የታረዱትና የተረሸኑት ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በዚሁ መንገድ የሄዱ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የዚሁ የአዲስ አበባ ልጆች ነበሩባቸው። በዚያው ዓመት በየመን ጦርነት ከተነሣ በኋላ እንኳ ጦርነት መኖሩን ሳይሰሙ በጀልባ ተሻግረው የገቡ ብዙዎች እንደ ነበሩ፣ ስለ ስደተኞች የሚሠሩ ድርጅቶች መስክረዋል። ሰንዓ ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኗ ቀደም ብሎ ተነግሯል።

ከአውቶቡስ ተራ ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ መደብር ደረጃ ላይ ካልሲና መሐረብ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው አለ። ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ ቈይቶ ተመልሷል። የውሃው ጉድጓድ በስንተኛው ቀን እንደሚገኝ፣ የጭነት መኪናው ላይ ስንት ሰው እንደሚጫን፣ በወደቁት ላይ መኪናው እንደማይቆም ያውቃል፤ በቀን ጕዞ ቈጥሮ፣ እንደ ቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ሊናገረው ይችላል። ወጣቶቹ በፊቱ እያለፉ ወደ ደላላው ይሄዳሉ። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነውና፣ ስለ አገሩ እርሱን የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቁት የካልሲውን ዋጋ ነው።